ቤልሜር «ልጅ የለኝም» ብትል ኖሮ? (ዋን ፒስ፣ ክፍል 35 እና 36)

መንደሪን_ልጣጭ፦
ስፖይለር አለው። አርሎንግ ፓርክ የሚባለውን ምዕራፍ ያላየ ሰው እዚህ ጋ ይመለስ፣ በኋላ እንዳትሰድቡኝ።

ዋን ፒስን፣ የጃፓኑን የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ፣ የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ማንጋው (በሥዕል የሚነበበው) እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የወጣው፣ አኒሜው (ካርቱኑ) በ1999። ሰው ሁሉ ከሺህ ክፍል በላይ አይቶ ሲከራከር እኔ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ትናንት ማታ 35ን እና 36ን አከታትዬ አየሁ። ዛሬ ዓይኔ አብጦ ቢሮ ገባሁና ለጠየቀኝ ሁሉ «አቧራ ነው» ስል ዋልኩ።

ለረሳችሁት ባጭሩ። ቤልሜር የባሕር ኃይል ወታደር ነበረች። ጦርነት ባወደመው ከተማ ቆስላ ወድቃ ሞቷን ስትጠብቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ጨቅላ አቅፋ ታያለች። ትልቋ ኖጂኮ ናት፣ ጨቅላዋ ናሚ። ሁለቱ በሥጋ አይዛመዱም። በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሐል ጨቅላዋ ትስቃለች። ቤልሜር ሳቋን አይታ ለመሞት የነበራትን ሐሳብ ትተዋለች። ሁለቱንም ጀልባ ላይ ጭና በማዕበል ውስጥ ትውልድ መንደሯ ኮኮያሺ ትደርሳለች። የመንደሩ ሰው ደግሞ ልጅ ሆና ያስቸገረችውን አልረሳም፣ አንቺ ነሽ እናት የምትሆኚው ይላታል።

ከዚያ ድህነት። መንደሪን ተክላ እየሸጠች ታሳድጋቸዋለች። የናሚ ልብስ የኖጂኮ ውራጅ ነው። ምግቡ ሲያንስ ልጆቹ ይበላሉ፣ እሷ መንደሪን ትልጣለች። ለምን አትበይም ሲሏት ዳይት ላይ ነኝ፣ መንደሪን ደግሞ ለቆዳ ጥሩ ነው ትላለች።

እዚህ ላይ ነው የቆረጠኝ። እኔን ያሳደገችኝ እትዬ ናት። የእናቴ ጓደኛ እንጂ ዘመዴ አይደለችም። ሁለት ልጆች ነበሯት፣ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። ሽሮው ሲያንስ ለሦስታችን ታቀርብና «እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንዱን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። የፋሲካው ቄጠማ ደርቆ ጥግ ላይ ተከምሯል፣ እኔ በእግሬ እየበተንኩት እየበላሁ ነው፣ እሷ ባዶውን ድስት በእንጀራ ቁራሽ ስትጠርግ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። ልጅ ነበርኩ፣ ምንም አልመሰለኝም።

ጥያቄዬ ግን ስለ መጨረሻው ነው። የባሕር ወንበዴው አርሎንግ መንደሩን ይዞ በየወሩ ለአዋቂ 100,000 ቤሪ (ገንዘባቸው ነው)፣ ለልጅ 50,000 ክፈሉ ይላል። ያልከፈለ ይሞታል። ቤልሜር ያላት 100,000 ብቻ ነው። ልጆቹ በመዝገብ ላይ የእሷ አይደሉም። ለራሷ ከፍላ ልጅ የለኝም ብትል ትድናለች። አላለችም። ገንዘቡ የሁለቱ ልጆቼ ነው፣ የራሴ ይጎድለኛል አለች። ገደላት።

ልክ ናት?

ካፒቴን_ድንች፦
እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ ግን እናገራለሁ። ልክ አይደለችም።

የመንደሩ ሹም ጌንዞና ሐኪሙ ሁሉንም አስበውበት ነበር እኮ። ልጆቹን ጫካ ውስጥ ደብቀዋቸዋል። ዛሬ ለራሷ ትከፍላለች፣ ልጆቹ ከደሴቲቱ ይወጣሉ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ትፈልጋቸዋለች። አንድ ውሸት ነበር የሚያስፈልገው። እሷ ግን ያን አንድ ቃል ሳትናገር ቀርታ ሁለት ልጆችን ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አልባ አደረገቻቸው። ከዚያ ምን ሆነ? ናሚን የ10 ዓመት ልጅ እያለች አርሎንግ ወስዶ ስምንት ዓመት የባሕር ካርታ ሲያስላት ኖረ። እናት ማለት በሕይወት የምትቆይ ናት። ኩራት ነው የገደላት።

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
ድንቹ፣ በናትህ ክፍሉን አይተኸዋል ወይስ ቲክቶክ ላይ ነው የጨረስከው?

«ከደሴቲቱ ይወጣሉ» በምን? በጀልባ። ባሕሩ የማን ነው? አርሎንግ አሳ ሰው ነው። ጓደኞቹ በሙሉ አሳ ሰዎች ናቸው። ወታደሩን እንኳ ከነመርከቡ የሚያሰምጡ ናቸው። ሁለት ሕፃናትን በታንኳ ወደ እነሱ ግቢ ማስገባት ነው እኮ።

ሁለተኛ፣ ጠረጴዛው። ለሦስት ሰው የቀረበ እራት ነበር። ሰዎቹ አይተውታል። አንዲት ሴት ሦስት ሳህን ምን ያደርግላታል? ያ ውሸት ስንት ቀን ይቆይ ነበር?

ካፒቴን_ድንች፦
እንግዳ ጠርቼ ነው ትላለቻ። ከመሞት እንግዳ መጥራት አይሻልም?

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
😂 እሺ ይሁንልህ።

የሦስት_ልጆች_እናት፦
ሰላም ልጆች። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ከልጆቼ ጋር ነው ያየሁት፣ አኒሜ የሚባለውን ድሮ የሕፃን ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። መካከለኛው ልጄ «ማሚ ይቺን አንዷን ብቻ እይልኝ» ብሎ አስቀመጠኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ትሪው ጉልበቴ ላይ እንዳለ ቀረ።

አቶ ድንች፣ አንድ ነገር ረስተዋል። ያ ቀን የጠብ ቀን ነው። ጠዋት ናሚ ከእህቷ ተጣልታ የሥጋ እህትሽ አይደለሁም ብላለች። ቤልሜር በጥፊ መታቻት፣ የሥጋ ዝምድና ምንድነው ብላ። ልጅቷም ተናዳ ሀብታም ቤት ባሳደገኝ ይሻለኝ ነበር፣ እኛ ባንኖር አንቺም ይሻልሽ ነበር ዓይነት ነገር ተናገረች። ቤልሜርም እንደ ሰው ከፋትና ወደፈለግሽበት ሂጂ አለቻት። ልጅቷ ወጥታ ሄደች። እናትየው ኖጂኮን ሂጂና መልሻት፣ ጥሩ እራት ልሥራ ብላ ወጥ ጣደች። ያ ለሦስት ሰው የቀረበው እራት የዕርቅ እራት ነው እኮ።

ታዲያ ልጅ ጠዋት «የአንቺ አይደለሁም» ብላ ወጥታ፣ ማታ እናቷ በአደባባይ «ልጅ የለኝም» ስትል ከሰማች ያ ነገር ከጆሮዋ ይወጣል? በሕይወት ትኖራለች፣ እሺ። ሰማንያ ዓመት ብትኖርም አይወጣም። እኔ እንኳ እናቴ አንድ ጊዜ በንዴት ያለችኝን አሁን ድረስ ቃል በቃል እደግመዋለሁ፣ እሷ ግን አንድም አታስታውሰውም።

ካፒቴን_ድንች፦
አቶ አይደለሁም እሜትዬ፣ 22 ዓመቴ ነው 🙏 አንተ ይበሉኝ። የጠዋቱን ጠብ ረስቼው ነበር፣ እሱን አምናለሁ። ግን ልጆቹን ጠርቶ በኋላ ማስረዳት ይቻል ነበር። «ለመዳን ብዬ ነው» ቢባሉ ይገባቸዋል።

ሌሊት_ተመልካች፦
ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ደራሲው ኦዳ አሳዳጊዋን ሴት ቅድስት አላደረጋትም፣ የምወደው እሱን ነው። ሲጋራ ታጨሳለች። የራስዋ ጎንና ጎን ተላጭቷል። ትሳደባለች፣ ትማታለች፣ መጽሐፍ ሰርቃ የመጣችውን ናሚን ትቆጣለች እንጂ አሥር ደቂቃ አትመክርም። አርሎንግም በሩ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ጠመንጃ አፉ ውስጥ መክተት ነው! አለቀሰች፣ ተንበረከከች አይደለም። ጠመንጃውን በጥርሱ ሰበረው እንጂ እሷ ልትገድለው ነበር። ስለዚህ «ዝም ብላ ሞተች» የምትሉ ተሳስታችኋል። ተዋግታ፣ ተሸንፋ፣ ከዚያ ነው ሒሳቡ የመጣው።

ሁለተኛ፣ አሳዳጊ እናት ዋን ፒስ ውስጥ እሷ ብቻ አይደለችም። ዳዳን አለች፣ የተራራ ሽፍታዋ። ዋናውን ጀግና ሉፊንና የመሐላ ወንድሙን ኤስን የሉፊ አያት ጋርፕ በግድ ጥሎባት ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ታማርራለች፣ አንድም ደግ ቃል ከአፏ አይወጣም። ኤስ ሲሞት ግን ጋርፕን፣ ያን ስሙ የሚያስፈራ የባሕር ኃይል ሰው፣ መሬት ላይ አስቀምጣ በዱላ ቀጠቀጠችው። ለእኔ ዳዳን ትበልጣለች። ልጆቹን ሳትፈልግ ነው የወደደቻቸው። የቤልሜር ይቀላል፣ በመጀመሪያዋ ሳቅ ነው የተሸነፈችው።

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
«ይቀላል» 😳 ሴትዮዋ ሞተች እኮ

ሌሊት_ተመልካች፦
ሞቷ ሳይሆን መውደዷ ይቀላል ነው ያልኩት። አንብብ እንጂ።

ናጎያ_ባቡር፦
ጃፓን ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ትንሽ ልጨምር።

ስሟ ራሱ ቀልድ ነው። ቤልሜር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ እንጀራ እናት ማለት ነው (አማትም ማለት ነው)። እኛ ጋ እንጀራ እናት ሲባል ከተረቱ ጀምሮ ክፉ ናት፣ ልጅ የምታስርብ፣ አመድ ላይ የምታስተኛ። እሷን ግን ኦዳ እንጀራ እናት ብሎ ሰየማትና የራሷን እንጀራ ለልጅ የምትሰጥ አደረጋት። የአማርኛውን ቃል የሚያውቅ ሰው ነው ይቺን በደንብ የሚስቅባት፣ ኦዳ ያላሰበው ስጦታ ነው።

ሌላው አጠራሩ። ልጆቹ የሚጠሯት «ቤልሜር ሳን» ብለው ነው። «ሳን» ለጎረቤትም፣ ለአለቃም፣ ለባለሱቅም የሚባል የአክብሮት ቅጥያ ነው። ጃፓናዊ ልጅ እናቱን በስሟና በ«ሳን» ከጠራ ሰሚው ወዲያው አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል። የእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ይሄ አይሰማም። መንደሪን፣ አንቺ «እትዬ» ስትይ ግን ወዲያው ገባኝ። በአማርኛ ብተረጉመው «እትዬ ቤልሜር» ነበር የምለው፣ ሌላ ቃል አልፈልግም።

መዝገቡ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ኮሴኪ የሚባል የቤተሰብ መዝገብ አለ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፣ ጉዲፈቻ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ወረቀቱ ነው የሚናገረው። ጃፓን ውስጥ ጉዲፈቻ በጣም ብዙ ነው፣ ግን አብዛኛው የሕፃን አይደለም! የአዋቂ ወንዶች ነው፣ የቤተሰብ ስምና ድርጅት የሚረከብ እንዲኖር ብለው አማቻቸውን ልጅ የሚያደርጉ። ወላጅ ያጣ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው በማሳደጊያ ተቋም ነው፣ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ የሚገባው ጥቂቱ ነው። ሕፃን ከወለዱት ጋር ያለው ሕጋዊ ዝምድና ተቋርጦ ሙሉ በሙሉ የአሳዳጊዎቹ የሚሆንበት ልዩ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እሱም ከ6 ዓመት በታች ለሆኑት ነበር፣ በ2020 ነው ወደ 15 ከፍ ያለው።

አሁን ያንን ትዕይንት በጃፓናዊ ዓይን እዩት። «መዝገብ ላይ የሉም» ማለት ለእኛ ወረቀት ጠፋ ማለት ነው። ለእነሱ «ልጆችሽ አይደሉም» ማለት ነው። ወረቀቱ ሊያድናት ነው የመጣው፣ እሷ ወረቀቱን ገፋችው።

ሌሊት_ተመልካች፦
ባቡሩ ይሄን ሁሉ እያወቀ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ያነብ ነበር ማለት ነው? ነውር ነው።

የጌንዞ ነገር ግን ለምን አልተነሳም? ለእኔ አባትየው እሱ ነው። ባርኔጣው ላይ ያለችውን የወረቀት መሽከርከሪያ ልብ ብላችኋል? ናሚ ጨቅላ ሆና ፊቱን ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር። እሷን ለማሳቅ ብሎ መሽከርከሪያ ባርኔጣው ላይ ሰካ፣ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አላወለቀውም። ጠባሳ ያለበት፣ ጢማም፣ የመንደሩ ሹም የሆነ ሰው፣ የሕፃን መጫወቻ አናቱ ላይ ተክሎ ሌባ ይይዛል። ናሚ ነፃ ወጥታ ከመንደሩ ስትሄድ ነው አውልቆ ቤልሜር መቃብር ላይ የተከላት። ናሚም አርሎንግ የነቀሳትን ምልክት አጥፍታ በቦታው ያስነቀሰችው መንደሪንና መሽከርከሪያ ነው። እናትና አባት ትከሻዋ ላይ።

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
እረ ተዉን፣ ሥራ ቦታ ነኝ

ጅዳ_07፦
ሁሌ አነባለሁ፣ ጽፌ አላውቅም። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የቤቱ ትንሽ ልጅ በአረብኛ ጽሑፍ ሲያየው አብሬው አየሁት። ከተወለደ ጀምሮ እኔ ነኝ የማሳድገው፣ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። ሲያመው የሚጠራው እኔን ነው። ቤልሜር ስትሞት ልጁ ዞሮ አየኝና እጄን ያዘኝ፣ አልተናገረም። ውሌ በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል።

ካፒቴን ድንች፣ «በኋላ ማስረዳት ይቻላል» ያልከውን አነበብኩ። ሁልጊዜ በኋላ የሚባል ነገር የለም ወንድሜ። ሌላ የምለው የለኝም።

ካፒቴን_ድንች፦
እሺ እህቴ። ይቅርታ።

ናጎያ_ባቡር፦
ድንች አትከፋ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ራሱ ታሪኩም የሚጠይቀው ነው። ከመሞቷ በፊት ለጌንዞ የምትለውን አስታውሱ። ቃሉን እየተረጎምኩ አይደለም፣ ሐሳቡን ነው፦ በአፍ ብቻ ቢሆንም ወላጅ መሆን እፈልጋለሁ፣ የእኔ ልጆች ናቸው አይደል? ትለዋለች። እንደ ጥያቄ ነው የምትለው። ያን ሁሉ ዓመት አሳድጋ፣ ርቧት፣ አሁንም «ናቸው አይደል?» እያለች ማረጋገጫ የምትፈልግ ሴት ናት። የሚጠሯት «ሳን» ብለው፣ መዝገብ የማያውቃት፣ ጠዋት «ሌላ ቤት ባደግኩ» የተባለች። እናት ነኝ የማለት ዕድሉ አንድ ጊዜ መጣላት፣ ዋጋው 100,000 ቤሪ ነበር፣ ከፈለች።

ለመሥዋዕትነት ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ለራሷም ፈልጋው ነው። ድንች «ኩራት» ያልከው እሱን ከሆነ፣ አዎ፣ ኩራት ነው፣ ቃሉ አያስቀይመኝም።

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
ይሄንን ሐሳብ ሰርቄ ለጓደኞቼ እንደራሴ ነው የምናገረው፣ ከአሁኑ ላስታውቅ።

በነገራችን ላይ በ2023 በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራውን አይታችኋል? ኬፕታውን ነው የተቀረፀው፣ እዚሁ አህጉራችን ላይ። ቤልሜር እዚያም አለች ግን ቸኩለው አለፉት። መንደሪኑ ሲላጥ እንኳ በደንብ አላየሁም። እኔ የፈለግኩት መንደሪኑን ነበር። ናሚ ገንዘቧን የቀበረችው የቤልሜር መንደሪን ሥር፣ ከመንደሩ ስትወጣም ዛፎቹን ነቅላ የሉፊ መርከብ ላይ የተከለችው፣ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ሳንጂ እንኳ ያለፈቃድ አይነካትም። ሴትዮዋ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ታይታ እስካሁን መርከቡ ላይ አለች።

የሦስት_ልጆች_እናት፦
መንደሪን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከመጀመሪያ ካነበብኩት ጀምሮ እየከነከነኝ ነው። የፋሲካው ቄጠማ ደርቆ ጥግ ላይ ነበር ብለሻል። እሳቸው ጾም ላይ ነኝ አሉሽ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እትዬ የምን ጾም ላይ ነበሩ?

መንደሪን_ልጣጭ፦
…

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
ኧረ እሜትዬ!!

ሌሊት_ተመልካች፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ገብቶኝ ራሱ አለቀስኩ

ካፒቴን_ድንች፦
ደውዪላት

መንደሪን_ልጣጭ፦
አስቡት፣ 31 ዓመቴ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አንድም ቀን አልቆጠርኩትም። ቤልሜርን በአንድ ማታ ነቃሁባት፣ የራሴን ግን ሰው ቆጥሮ ነገረኝ። ሌላም ቀን ነበር አሁን ሳስበው፣ የገና ሰሞንም ጾም ላይ ነበረች፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ማለቴ ነው፣ ጎረቤት የላከው ሥጋ ለእኛ ሲደርስ። ሥጋ ቀርቦ ጿሚ!

ልደውል ነው።

ዞሮ_መንገድ_ጠፋው፦
ክሩን ማንም እንዳይዘጋው

መንደሪን_ልጣጭ፦
ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ አወራን፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን፣ ስለ ዘይት ዋጋ አወራን። ከዚያ እትዬ፣ ያኔ በሃምሳው የምትጾሚው የምን ጾም ነበር አልኳት።

ዝም አለች። ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል።

«የንስሐ ነው፣ ቄሱ ሰጥተውኝ» አለች።

በየዓመቱ? አልኳት።

«ምን ዓይነት ልጅ ነሽ፣ ሥራ የለሽም እንዴ? በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብላ ዘጋችብኝ።